ፊልም ላይ የምናያቸው 4 የህክምና ትዕይንቶች፦ የቱ እውነት፣ የቱ ድራማ?



«ዶክተር፣ የሆስፒታል ድራማ ታያለህ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አያለሁ፣ እወዳለሁም። እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው «ኢአር» የተባለው የአሜሪካ ድራማ የድንገተኛ ክፍልን ግርግርና ድካም ጥሩ አድርጎ አሳይቷል ባይ ነኝ። የፈጠረው ማይክል ክራይተን ራሱ ህክምና የተማረ ሰው ስለነበር ይመስለኛል። «ሀውስ» ደግሞ ያስቀኛል። እነዚያው ጥቂት ሐኪሞች ደም ይመረምራሉ፣ ኤምአርአይ ያነሳሉ፣ አልፈው ተርፈው የታካሚው ቤት ሰብረው ይገባሉ! የላብራቶሪና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ሲያዩት ምን እንደሚሉ እናንተው ገምቱ።

ለመዝናናት ከሆነ ምንም ችግር የለውም። ችግሩ ብዙዎቻችን የመጀመሪያ እርዳታ ተምረን አናውቅም፤ የምናውቀው ፊልም ላይ ያየነውን ነው። ቤታችን ውስጥ ሰው ድንገት ሲወድቅ እጃችን የሚሄደው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ደጋግመን የምናያቸውን 4 ትዕይንቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ቀጥ ሲል በኤሌክትሪክ ማስነሳት

ትዕይንቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞኒተሩ «ቲ…» ይላል፣ መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ሐኪሙ «ራቁ!» ብሎ ይጮህና በኤሌክትሪክ ይመታል፣ ታካሚው ዓይኑን ይገልጣል።

እውነታው፦ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ካለ የኤሌክትሪክ ንዝረት አይሰራም። መሳሪያው የሚጠቅመው ልብ ምቷ ተዘበራርቆ ዝም ብላ ስትንቀጠቀጥ ነው፤ ያንን ዝብርቅርቅ አቁሞ ልብ በራሷ ምት እንድትጀምር ዕድል ይሰጣታል። ቀጥ ላለ መስመር የምናደርገው ደረት መጫን (ሲፒአር)፣ አድሬናሊን መስጠትና ምክንያቱን ፈልጎ ማከም ነው።

ሌላው ውጤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት በ3 የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ላይ የታዩ 60 የሲፒአር ትዕይንቶችን ቆጥሮ ነበር። በቴሌቪዥን ከ100 ሰው 75ቱ ወዲያው ተርፈዋል። በእውነተኛው ዓለም ግን፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ፣ ልቡ ከሆስፒታል ውጪ ከቆመ ሰው የሚተርፈው ከ10 አንድ ገደማ ነው።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉኝ። ቶሎ ሲጀመር የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 ዴንማርክ ከፊንላንድ ሲጫወቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ የወደቀውን ብዙዎቻችሁ በቀጥታ አይታችኋል። እዚያው ሜዳ ላይ ደረቱ ተጫነ፣ በኤሌክትሪክ ንዝረትም ልቡ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ለብሬንትፎርድ ሲጫወት አየነው። የትኛውም ፊልም ከዚያ ቀን የተሻለ ትምህርት አይሰጥም።

ምን ላድርግ?
– ሰውየው ሲጠሩት የማይሰማ፣ የማይተነፍስ ወይም እንደ ማቃሰት እየቆየ ብቻ አየር የሚስብ ከሆነ አምቡላንስ አስጠሩ።
– ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት።
– ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ ደረቱ መሃል ላይ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጠልቃችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ደረቱ በየመሃሉ ተመልሶ እስኪነሳ ልቀቁት።
– ክርናችሁ አይታጠፍ። ተዋናዮች የሚያጥፉት የሚጫኑት ሰው ጤነኛ ስለሆነ ነው!
– ሲደክማችሁ ተቀያየሩ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ።

2. ደረቱን ይዞ የሚወድቀው ሰው

በፊልም ሃርት አታክ ማለት ሰውየው ደረቱን ጨምድዶ ይዞ ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ ነው። እውነተኛው ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል መክበድ፣ ወደ ግራ እጅ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ የሚሄድ ህመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠር ሊሆን ይችላል። በተለይ ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ህመምተኞች የደረት ህመም ጭራሽ ላይኖራቸው ይችላል።

እኛ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር «ጨጓራዬ ነው» ይባላል። እናታችን ላብ በላብ ሆና፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ «ትንሽ ልተኛበት፣ ጨጓራዬ ነው» ካለች አታስተኟት። ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት። የተዘጋው የልብ ደም ስር በቆየ ቁጥር የሚሞተው የልብ ጡንቻ ይጨምራል። እስክትወድቅ አትጠብቁ!

3. ራሱን ተመትቶ ስሙን የሚረሳው ሰው

በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን የምታዩ ይሄን በደንብ ታውቁታላችሁ። ገጸ ባህሪው በመኪና አደጋ ራሱን ይመታል፣ ሚስቱንም ስሙንም ይረሳል፣ ከ40 ክፍል በኋላ ሁሉም ነገር ትዝ ይለዋል። ድራማው ይጣፍጣል፤ እውነት ለመናገር እኔም ቀጣዩን ክፍል ጠብቄ አውቃለሁ።

በእውነቱ ግን ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በብዛት የሚረሳው ከአደጋው ትንሽ በፊትና በኋላ የሆነውን ነው። ስሙንና ቤተሰቡን ረስቶ ሌላውን ሁሉ ማስታወስ በጣም ብርቅ ነው። «ስሙን አልረሳም፣ ደህና ነው» ማለት ግን አይቻልም። አንዳንዴ ሰውየው ደህና መስሎ እያወራ የራስ ቅሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

እነዚህን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል፦
– ተደጋጋሚ ትውከት
– እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት
– ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም መወናበድ
– የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ ማንቀጥቀጥ
– ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚፈስ ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ
– የሁለቱ ዓይን ብሌኖች መጠን መለያየት

4. ሲያንቀጠቅጠው አፉ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት

«ምላሱን እንዳይውጥ» ተብሎ አፉ ውስጥ ቀበቶ ወይም ማንኪያ ሲያስገቡ አይታችኋል። ሰው ምላሱን ሊውጥ አይችልም። ማንኪያው ግን ጥርስ ይሰብራል፣ የተሰበረውም ጥርስ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አለ። ክብሪቱ ማንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ፊትን ሊያቃጥል፣ በጭሱም ትንፋሹን ሊያስቸግር ይችላል።

ትክክለኛው ይሄ ነው፦
– ሊጎዱት የሚችሉ ነገሮችን ከአጠገቡ አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ።
– ይዛችሁ አትታገሉት፤ እንደተቻለ በጎኑ አዙሩት።
– ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች አስቸኳይ ህክምና ያስፈልጋል።
– በደንብ ሳይነቃ ውሃም ምግብም አትስጡት።

ለማጠቃለል፦ ፊልሙን እዩ፣ ተዝናኑ፣ አክተሩንም አድንቁ። የመጀመሪያ እርዳታን ግን ከፊልም አትማሩ። ዛሬውኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ቤት ውስጥ ላሉ ልጆችም አስይዟቸው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ሐኪም ሳይሆን አብሮ የተቀመጠው ሰው ነው።

እናንተስ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ያላችሁት የፊልም ትዕይንት አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። ለቤተሰብና ለጓደኛ ሼር ማድረግ አትርሱ።

ጤና ይስጥልን!