አዲሱ ዲስክ ለምን ቶሎ አለቀ?

ጥያቄ፦ በሚኒባስ ከቢቸናና ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ ተሳፋሪ እጭናለሁ። የፊት ዲስክ ቀይሬ ብዙም ሳልነዳ፣ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዓባይን በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ያን ሁሉ ፍሬን ረግጠው ከወረዱት ዲስኩ ይግላል፣ ውፍረቱም ወጣ ገባ ይሆናል፤ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይኸው ነው። እርጥበት ያዘለ የፍሬን ዘይት ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ይህ ሕይወት ያስከፍላል! በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ማርሽ አውጥተው በፍጹም አይልቀቁ።

ጎማውን አስፈትተው ሸራዎቹን ጎን ለጎን ይዩ። የውስጠኛው ከውጪኛው ይልቅ በጣም ከሳሳ ካሊፐሩ ተጣብቋል፤ እሱ ሳይጠገን ሌላ ዲስክ አይግዙ።