ዜናውን ቢዘጉም ድምፅዎን አይዝጉ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የምርጫ ዜና እንቅልፍ ስለነሳኝ መከታተል ትቻለሁ፤ ግን ኃላፊነቴን የሸሸሁ ይመስለኛል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሰልፍ ወጥቼ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት ምን ፈየደ?

መልስ፦ ዜና መቀነስ ኃላፊነትን መሸሽ አይደለም። የምርጫውን ዜና በየሰዓቱ ቢከታተሉት ውጤቱ አይለወጥም። በቀን አንዴ፣ ያውም ከመኝታ ሰዓት ራቅ አድርገው፣ ቢያዩ ይበቃል።

የካቲት 66ን በዓይንዎ አይተዋል። ቤንዚን ሲወደድ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ሰው በእግሩ ኳተነ፤ መምህራንም አድማ መቱ። በቀናት ውስጥ የቤንዚን ዋጋ ቀነሰ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወረደ። «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች ጥያቄ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሆነ። ስለዚህ ጩኸትዎ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሥልጣኑን የሚረከብ የተደራጀ ሲቪል ኃይል ስላልነበረ ደርግ ወሰደው። ሰልፍ በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ግን የተደራጀው ነው።

አሁን ባሉበት አገር ደግሞ የሰልማ ከተማን ሰልፍ ያስቡ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1965 የመምረጥ መብት የጠየቁ 600 ያህል ሰልፈኞችን ፖሊስ ድልድይ ላይ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ከጀርባቸውም ለዓመታት መራጭ ለማስመዝገብ የደከሙ ማኅበራት ነበሩ።

ቴሌቪዥኑን ያለ ጸጸት ይዝጉ። ዜግነት ካለዎት ግን መመዝገብዎን ዛሬ ያረጋግጡ፤ በምርጫውም ቀን ድምፅዎን ይስጡ።