የኦቾሎኒ ጣፋጭ ያለ ቴርሞሜትር

«እስኪበስል ይቀቀል» የሚል የአሠራር ጽሑፍ አንባቢውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ኦቾሎኒው በጋምቤላ ክልል ይመረታል፤ የሚቸግረው ስኳሩ መቼ እንደደረሰ ማወቁ ነው። ስለዚህ እኔ ከሰዓቱ ይልቅ ምልክቱን እጽፋለሁ።

2 ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ወተትና 2 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ በመጠነኛ እሳት ይፍላ። ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ በጣት ሲድቦለቦል፣ ለስላሳም ከሆነ፣ 115 ዲግሪ አካባቢ ደርሷልና ይውረድ። ትኩሱን ካማሰሉት እንደ አሸዋ ይሻክራል። ድስቱ ከሥሩ ለብ እስኪል አይነካ፤ እንደ ኢታንግ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ይሄ ይዘገያል። ከዚያ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ይማሰል፤ 1 ኩባያ የተቆላ ኦቾሎኒ ገብቶበት ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ይዘርጋ፤ ሲጠነክር ይቆረጥ።

እኛ ምልክቱን ሳንጽፍ ብንቀር የሚበላሸው የአንባቢው ስኳር ነው።