ኪይ ማውረድ ነውር ነው ያለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 59 ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቴአትር ቤት በድምፃዊነት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ቀን ልምምድ፣ ማታ ዝግጅት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መድረክ ላይ እየተወንኩ መዝፈን ነበር ሥራዬ። በሰዓት እላፊ ዘመን ክለብ ከገባን እስኪነጋ እንዘፍን ነበር። አሁን የምኖረው ኦስሎ፣ ትቬይታ ነው። ቀን ባርነሃገ (መዋዕለ ሕፃናት) ከሕፃናት ጋር እሠራለሁ፤ ሠርግና በዓል ሲሆን እዘፍናለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከፍ ያለው ድምፅ እምቢ አለኝ። ጠዋት ስነሳ ድምፄ ይጎረንናል፤ በስልክ «አቶ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሁለት ዘፈን ስዘፍን ይሻክራል፣ በማግስቱ ጭራሽ ይዘጋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ኪይ እናውርደው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል፤ ያን ዘፈን ዕድሜዬን ሙሉ በዚያው ኪይ ነው የዘፈንኩት። ጓደኞቼ ጥሬ እንቁላል፣ ዝንጅብልና ፌጦ ያዝዙልኛል። አንዷ ደግሞ «ኦፕራሲዮን ተደረጊ» ትለኛለች። እርጅና ነው ወይስ በሽታ? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ወ. ከትቬይታ

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎት። ሁለት ዓመት የቆየ የድምፅ መሻከር በደብዳቤ አይመረመርም። መሻከር ከአራት ሳምንት ካለፈ ማንቁርትን በመሣሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ እርስዎ ይህን ወሰን ካለፉት ቆይተዋል። መታየትዎ የግድ ነው። እስከዚያው የሚያስቡበትን ነገር ልስጥዎት።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ከፍ ያለው ድምፅ እምቢ ማለቱና የንግግር ድምፅዎ መጎርነኑ አንድ ነገር ነው። በሁለት ዘፈን መሻከሩና በማግስቱ መዘጋቱ ሌላ ነገር ነው። ክራር የሚመታ ሰው ጅማቱ ሲላላና ጅማቱ ሲላላጥ ግራ አይጋባም፤ ለላላው ቅኝት ይፈልግለታል፣ የተላላጠውን ግን ምንም ቅኝት አያድነውም። እርስዎ ሁለቱንም «ድምፄ አረጀ» ብለው በአንድ ከረጢት ከተውታል። የሚጠቀሙትም የሚጎዱትም እነዚህን በመለየትና ባለመለየት ነው።

የአዋቂ ሴት የድምፅ አውታር ርዝመቱ ቢበዛ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልም። ኦርኬስትራ መሣሪያውን የሚቃኝበትን «ላ» ሲዘፍኑ ሁለቱ አውታሮች በሰከንድ 440 ጊዜ ይገጣጠማሉ። ያን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቢይዙት 26,400 ጊዜ ማለት ነው። ይህን የሚችሉት በላይ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ለስላሳ ክፍል፣ ከዚያ ጠለቅ ብሎ ጡንቻ ስላላቸው ነው። የአጠቃቀም ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በላይኛው ሽፋን ላይ፣ ግጭቱ በሚበረታበት መሃል ቦታ ነው፤ እዚያ ያብጣል፣ ሲቆይም እባጭ ያበጃል። እርጅና ግን ጡንቻውን ያሳሳል። አውታሮቹ ሲገጥሙ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፣ ትንፋሽ ያመልጣል፣ ሰውዬው ደግሞ ክፍተቱን ለመሙላት አንገቱን ወጥሮ ይገፋል።

ሴቶች ላይ ማረጥ ይጨመራል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ አውታሮቹ ወፈር ይላሉ፣ ይደርቃሉ፣ ድምፅ ይወርዳል። ወንዶች ላይ ተቃራኒው ነው፤ ሲሸመግሉ ድምፃቸው ይቀጥናል። ስለዚህ በስልክ «አቶ» ያለዎትን ሰው ይቅር ይበሉት፤ የሰማው ነገር በዕድሜዎ ያለች ብዙ ሴት የሚደርስባት ነው። ሲጋራና የታይሮይድ ችግርም ድምፅ እንደሚያጎረንኑ ግን ሐኪሙ እንዲያስብበት ይንገሩት።

የመድረኩን ነገር ልምጣበት፤ የእርስዎ ትውልድ ድምፃውያን ያለፉበት ሥራ ቀላል አልነበረም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት፣ ድምፃዊ ማለት ባለ ደመወዝ ሠራተኛ ሆነ። አንዱ ሰው ይዘፍናል፣ ይተውናል፣ ይወዛወዛል። ከኋላው ደግሞ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ተሰልፏል። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ፣ ኋላም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲዘዋወር የተሸከመው ይህንን ነው። የነሐስ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ከንፈሩ ሲዝል ያርፋል፤ ድምፃዊ ሲዝል ግን «ድገም!» ይባላል። በሰዓት እላፊው ዘመን ደግሞ በሩ ተዘግቶ ሰው እስኪነጋ ስለሚቆይ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሲጋራ ጭስ ውስጥ መዝፈን ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዛሬም ሁለት ዘፈን የሚችል ማንቁርት እኔን አያሳዝነኝም፤ ያስደንቀኛል።

የእኛ አዘፋፈን የራሱ ጣጣም አለው። ድምፅን ማርገብገብ፣ የአንድ ቃል መጨረሻ ላይ ድምፁን ሰብሮ ሰብሮ ማውረድ፣ አውታሮቹ ባጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግመው እንዲገጥሙና እንዲላቀቁ ይጠይቃል። በወጣትነት ይህ ቅልጥፍና ነው። አውታሩ ያበጠ ዕለት መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው። በዚህ የተነሳ ለአንባቢዎቼ አንድ ፈተና እሰጣለሁ፦ በጣም ቀስ ብለው፣ ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሆነው፣ ከፍ ያለ ድምፅ ላይ አጭር እርግብግብታ ይሞክሩ። ጮክ ሲሉ የሚወጣልዎት፣ ቀስ ሲሉ ግን የሚዘገይ ወይም ትንፋሽ ብቻ የሚሆን ከሆነ፣ ያበጠ ነገር መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

ይሁንና ደብዳቤዎን ስጨርስ የጠረጠርኩት መድረኩን ሳይሆን ባርነሃገውን ነው። ሠርግ በወር አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ከሕፃናት ጋር ግን በሳምንት አምስት ቀን፣ በጫጫታ መሃል፣ ድምፅ ከፍ አድርገው እየጠሩ፣ እየዘመሩ፣ እየከለከሉ ይውላሉ። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ልማድ ሳይሆን የተፈጥሮ ምላሽ ነው፣ በምክር ብቻ አይቆምም። ስለዚህ ልጁን ከወዲያ ማዶ መጥራት ይተዉ፣ ሄደው ትከሻውን ይንኩት። ግቢ ውስጥ በጭብጨባ ወይም በፉጨት ይጥሩ። በምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ዝም የሚሉበት ቦታ ይፈልጉ። ሠርጉ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ትልቁ ስፒከር ወደ ሕዝቡ ዞሮ ለእርስዎ ሞኒተር ካልተቀመጠልዎት ራስዎን ስለማይሰሙ ይጮኻሉ። ሞኒተር የሌለው መድረክ ላይ አልወጣም ማለት መኩራት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድናዊው የድምፅ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ እንዳሳዩት፣ የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበረታው በ500 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ፣ በተለይ ወንዱ፣ ኦርኬስትራው በሚደክምበት በ3000 ኸርዝ አካባቢ ድምፁን አጉልቶ ያለ ማይክ ይሰማል። እርስዎ ማይክ አለዎት። ሚክሰሩን የያዘው ልጅ የእርስዎን መስመር በ3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ከፍ፣ ኪቦርዱን እዚያው ላይ ትንሽ ዝቅ ያድርግልዎት። ጉሮሮዎ ሊሠራው የሚታገለውን ግማሹን ያ አንድ ቁልፍ ይሠራዋል።

ስለ ምርመራው ልንገርዎት። ማንቁርትን በማየት የታወቀው ሐኪም አልነበረም፤ ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 የጥርስ ሐኪም ትንሽ መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ በእጅ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያስገባ የገዛ አውታሮቹን አየ። የዛሬው ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ወይም በአፍ ይገባል፤ የሚርገበገብ መብራት ሲጨመርበት አውታሮቹ በዝግታ የሚወዛወዙ ይመስላሉ፣ የትኛው ቦታ እንደደነደነ ይታያል። ፋስትሌገዎ (ቋሚ ሐኪምዎ) ዘንድ ቀጠሮ ይያዙና ወደ አንገት በላይ ሐኪም እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። «ድምፄ የሙያዬ መሣሪያ ነው፣ መሻከሩ ሁለት ዓመት ሆኖታል» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ሪፈራሉ ላይ ይህ መጻፉ ለውጥ ያመጣል። ቋንቋው የሚያስቸግርዎት ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ለድምፅ ልምምድ ሎጎፔድ (የንግግርና የድምፅ ባለሙያ) ዘንድ ሲታዘዝልዎት ደግሞ በቅድሚያ ኮሙነውን (የአካባቢዎን አስተዳደር) ይጠይቁ፤ ኮሙነው ካልሰጠ የሐኪም ሪፈራል ይዘው ወጪው በሕዝብ መድን የሚሸፈንበት መንገድ አለ። መዋጥ ካስቸገረዎት፣ ደም ከታየ፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ከዳሰሱ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። እየዘፈኑ ሳለ ድምፅዎ በድንገት ቢጠፋ ደግሞ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ አውታሩ ላይ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል፣ ዝም ብለው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

«ኦፕራሲዮን ተደረጊ» ያለችዎትን ጓደኛዎን አይስሟት፣ ቢያንስ ካሜራው እስኪያይ። ከግጭት የመጣ እባጭ ብዙ ጊዜ በድምፅ ልምምድ ይቀንሳል፤ ቢላዋ የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም። ዘፋኝና ተዋናይቷ ጁሊ አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1997 ብሮድዌይ ላይ ትሠራበት ከነበረው ሙዚቃዊ ቴአትር ወጥታ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ የዘፈን ድምፅዋ አልተመለሰም። ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር አለ፣ በጊዜው ሲደረግም ይጠቅማል። ግን ያበጠበትን ምክንያት ሳይነኩ እብጠቱን ቢቆርጡት፣ እዚያው ባርነሃገ ተመልሰው በዚያው ጩኸት እንደገና ያበቅሉታል።

ኪይውን በተመለከተ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር ነኝ። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ቅኝት የሚሆኑት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ልጁ ትራንስፖዝ የምትለውን ቁልፍ ሁለቴ ወደ ታች ቢጫናት ርቀቱ አይነካም፤ አምባሰሉ አምባሰል ነው። ከሺህ ሠርገኛ መሃል ልብ የሚለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የባንዱ ጊታሪስት ነው። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ዘፈኑ ሲወርድ ከታች ያሉት ስንኞች ከእርስዎ ድምፅ በታች ይሰምጣሉ። ስለዚህ ኪዩን ሲመርጡ ከላይኛው ድምፅ አይጀምሩ። ዘፈኑ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው የትኞቹ ድምፆች ላይ እንደሆነ ይፈልጉ፤ እነዚያ በምቾት ከሚናገሩበት ድምፅ ትንሽ ከፍ ብለው ይቀመጡ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጣውን ጫፍ ለተቀባዮቹ ይስጡት። ተቀባይ ያለው ሙዚቃ ይዘን ድምፃዊ ብቻውን እንዲታነቅ የምናደርገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ 83 ዓመቱ ነበር። የሠላሳ ዓመት ወጣት ድምፅ ይዞ አልወጣም፤ ማንም አልጠበቀበትም። አስናቀች ወርቁ ደግሞ የቴአትር ሰው ሆና ሳለ በክራሯ ታዜመው የነበረውን ያስቡ። ክራር እንደ ትራምፔት ድምፅ አይሸፍንም፤ ቃሉን እንደ ወግ እያወሩ፣ እያስረዘሙና እያሳጠሩ ለመዝፈን ይመቻል። የጎረነነው ድምፅዎ በኦርኬስትራው ዘፈን ቢሸሽዎትም እንዲህ ባለው አዘፋፈን ሊያምርብዎት ይችላል። በዝግጅቱ መሃል አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ሩብ ሰዓት ይጠይቁ፤ እግረ መንገድዎን ያርፉበታል።

ጥሬ እንቁላል፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ? የሚዋጥ ነገር አውታሮቹን አይነካም፤ የሚነካቸው ከሆነ ትን ብሎዎታል። ሙቅ ነገር ያዝናናል፣ ይጠጡት። ፌጦና ዝንጅብል ቃር የሚያነሳሱብዎት ከሆነ ግን ይቅርብዎት፤ ማታ ጥግብ ብሎ በልቶ ወዲያው መተኛትም እንዲሁ። ኦስሎ ክረምቱ ደረቅ ነው፤ ማሞቂያ ሌሊቱን ሲነድ የመኝታ ክፍሉ አየር ይብሱን ይደርቃል። እርጥብ ፎጣ ማሞቂያው አጠገብ ይስቀሉ፣ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት የፈላ ውሃ እንፋሎት ይተንፍሱ። ውሃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ መድረክ ላይ የሚጠጡት ለዚያ ምሽት ዘግይቷል። ጉሮሮ መጥረግ ይቀንሱ፣ በምትኩ ምራቅ ይዋጡ። ሲዘጋዎት በሹክሹክታ አያውሩ፤ ተወጥሮ የሚወጣ ሹክሹክታ አያሳርፍም፣ ዝምታ ይሻላል። አንድ ቀጭን ስትሮው ይግዙና በሱ ውስጥ «ኡ» እያሉ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ያዚሙ፤ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። ከፊት ያለው ግፊት አውታሮቹ በቀላሉ እንዲርገበገቡ ያግዛል።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላሉት፦ እስኪታዩ ድረስ ሠርግ አይቀበሉ፤ የተቀበሉት ካለ ኪዩን አውርደው፣ ዘፈኑን በግማሽ ቀንሰው ይሥሩ። ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ድምፅዎ የሚዘጋበትን ቀን ጠዋት በስልክዎ ቀድተው ይዘው ይሂዱ፤ በቀጠሮው ቀን ድምፅዎ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይጻፉ፤ አስፕሪን ካለ በተለይ ይንገሩት። የካሜራውን ምስል ኮፒ ይጠይቁና ሎጎፔዱ ዘንድ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።