የማውጫ ሰርቨርን በዲኤንኤስ መዝገብ ማግኘት፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በተዘረጋ ኔትወርክ ምሳሌነት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሚጓዝ ሰው የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ፍኖተ ሰላም ትቀድማለች፤ ቡሬ ትከተላለች። ዋና ቢሮው በፍኖተ ሰላም፣ ቅርንጫፉ በቡሬ የሆነ መሥሪያ ቤት በምሳሌነት ይወሰድ። በሁለቱም ከተሞች የተጠቃሚዎች መለያ የሚጠበቅበት የማውጫ ሰርቨር አለ። መስመሩ ሲቋረጥ ግን የቡሬ ሠራተኞች የጋራ ሰነዶችን መክፈት ያቅታቸዋል፤ ሰርቨራቸው በዚያው ሕንፃ ውስጥ እየሠራ ነው። ችግሩ የሰርቨር እጥረት ሳይሆን ሰርቨሩን የሚጠቁመው መዝገብ የሚነበብበት ቦታ ነው።

ኤስአርቪ የተባለው የዲኤንኤስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1996 በሙከራ ደረጃ ቀርቦ በ2000 በአርኤፍሲ 2782 ተሻሽሎ ወጣ። ኮምፒውተሩ «_ኤልዳፕ._ቲሲፒ» በሚል ቅጥያ ስለ አገልግሎቱ ሲጠይቅ ቅድሚያ፣ ክብደት፣ የፖርት ቁጥር (ለኤልዳፕ በተለምዶ 389) እና የሰርቨሩ ስም ይመለሱለታል። ዝቅተኛ የቅድሚያ ቁጥር ያለው ሰርቨር አስቀድሞ ይሞከራል፤ ክብደት ደግሞ እኩል ቅድሚያ ባላቸው መካከል ጭነቱን ያከፋፍላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅድሚያ ጠያቂው የት እንዳለ አያውቅም። ለፍኖተ ሰላም ሰርቨር ቅድሚያ ከተሰጠ የቡሬውም ኮምፒውተር ጎረቤቱን ትቶ ወደዚያው ይሄዳል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይህን የሚፈታው ለእያንዳንዱ ሥፍራ የተለየ ስም በማስመዝገብ ነው፤ የኮምፒውተሩ ሥፍራ ከአይፒ አድራሻው ይታወቃል። ስለዚህ የቡሬ አድራሻዎች ክልል በማውጫው ውስጥ ካልተመዘገበ የሥፍራው ስም መኖር ብቻውን ፋይዳ የለውም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የቡሬ ኮምፒውተሮች የሚጠይቁት ብቸኛ ዲኤንኤስ ፍኖተ ሰላም ያለው ከሆነ መስመሩ ሲጠፋ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው የዞኑን ቅጂ በቡሬው ሰርቨር ላይ ማኖርና ኮምፒውተሮቹ አስቀድመው እሱን እንዲጠይቁ ማድረግ ነው። የሰርቨር ክፍሉ ጥበቃ የሚያሠጋ ከሆነ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ የመጣው ለንባብ ብቻ የሚያገለግል የማውጫ ሰርቨር ይመረጣል፤ የዲኤንኤሱን ቅጂ አብሮ ይይዛል።

ዝግጅቱን ለመፈተን የመስመሩን ገመድ መንቀል ይበቃል። ሆኖም ለእነዚህ መዝገቦች በልማድ የሚሰጠው ዕድሜ 600 ሴኮንድ ስለሆነ ከ10 ደቂቃ በፊት የሚደረግ ፍተሻ በጊዜያዊ ማኅደር የቀረውን አሮጌ መልስ አምኖ ሊያልፍ ይችላል።