አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ዳግም የሚታይበት ቀንም ይጻፍ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንቲባዮቲክ ማስጀመር ቀላል ነው፤ ከባዱ ማቆሙ ነው። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ታማሚ ሌሊት ያተኩሰዋል፤ ተረኛው ሐኪም ሜሮፔነምና ቫንኮማይሲን ያዝዛል። ጠዋት የሚረከበው ቡድን ለምን እንደታዘዘ ቻርቱ ላይ ካላገኘ ማቆም ያስፈራዋል፤ መድኃኒቱም ሳምንት ተሻግሮ ይቀጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በትእዛዙ ወረቀት ላይ ነው። የተጠረጠረው ኢንፌክሽን፣ ዶዙ፣ የተጀመረበትና ዳግም የሚታይበት ቀን አብረው ይጻፉ።

ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት የደም ካልቸር ይወሰድ። ቆዳው በሚገባ ጸድቶ፣ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር። ደሙ ካነሰ ባክቴሪያው ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ይሁንና ካልቸሩ መድኃኒቱን አያዘግይ፤ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ የገባ ታማሚ በ1 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። ሾክ ከሌለና ኢንፌክሽኑ ራሱ ካጠራጠረ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ እስከ 3 ሰዓት ለምርመራ ይፈቅዳል። ይህን ጊዜ በአግባቡ እንጠቀምበት።

ኩላሊቱ ተጎድቷል ተብሎ የመጀመሪያው ዶዝ አይቀነስ፤ ማስተካከያው ከዚያ በኋላ ለሚሰጡት ነው። መድኃኒቱ የሚመረጠው የክፍሉ የራሱ የካልቸር ውጤት በሚያሳየው መሠረት ይሁን። ሴፍትሪአክሶንን ስለለመድነው እንደ ቀላል እናየዋለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከሜሮፔነም ጋር ክትትል በሚያሻቸው መድኃኒቶች ምድብ አስቀምጦታል። ኮሊስቲን ደግሞ ለመጨረሻ አማራጭነት የሚጠበቅ ነው።

ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚደረገው ራውንድ ከሁሉም ይበልጣል። ካልቸሩ ምን አሳየ? ለትኩሳቱ ሌላ ምክንያት ተገኘ? ጠበብ ያለ መድኃኒት ይበቃል? ቫንኮማይሲን የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ካልተገኘና ሌላ ምክንያት ከሌለ ቫንኮማይሲኑ የዚያኑ ዕለት ይቁም። ካቴተር ባለው ታማሚ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ፣ ወይም ከአክታ ካንዲዳ ስለበቀለ ብቻ ሕክምና አይጀመር፤ በአብዛኛው ተሸካሚነት እንጂ በሽታ አይደለም። ካልቸር የማይሠራበት ሆስፒታልም ከዚህ ራውንድ ነፃ አይደለም። ታማሚው ከተሻለው፣ ሌላ ምርመራም ኢንፌክሽን ካላሳየ፣ ማቆም ይቻላል።

የሕክምናው ርዝመትም ይወሰን። ከመተንፈሻ ማሽን ጋር ለተያያዘ የሳንባ ምች አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ይበቃል። የሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ምንጩ በቀዶ ሕክምና በሚገባ ከተወገደ 4 ቀን ያህል እንደሚበቃ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በደም ውስጥ ከተገኘ ግን ማሳጠር አይሞከርም።

ይህን ሁሉ ሐኪሙ ብቻውን አይችለውም። ነርሷ «ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?» ብላ በየራውንዱ ትጠይቅ፤ ክሊኒካል ፋርማሲስቱም እያንዳንዱን ትእዛዝ ገምግሞ አስተያየቱን ለሐኪሙ ያቅርብ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች በፋርማሲስቶች የተመራ እንዲህ ያለ ሥራ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት ከታዘዙት አንቲባዮቲኮች ግማሽ ያህሉ አላስፈላጊ ነበሩ፤ ግምገማው ሲቋረጥም ፍጆታው ተመልሶ ጨመረ፣ የሞት መጠኑም ከፍ አለ። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካው ከወዲሁ ይወሰን፤ ስሙም የክፍሉ የተረኞች ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።