የኔታና አዲሱ መምህር

ከእንጦጦ እስከ የካ ባሉት አድባራት ጥላ ሥር ሕፃናት በየኔታ ፊት ተቀምጠው፥ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከቱ፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሀ ሁ» ይሉ ነበር። ነገር ግን ጆሮው የፈጠነ ልጅ ፊደሉን ሳያይ በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ስለዚህ የኔታ «አ ቡ ጊ ዳ»ን ያስከትላሉ፤ ተራው ሲለወጥ ፊደሉን የለየና ያልለየ ይታወቃልና።

በ1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የበላይ ኀላፊውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በዚያም ልጆች የውጭ አገር ቋንቋና ሒሳብ ተማሩ። ኋላም በየካ በኩል በኮተቤ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ቆመ።

አዲስ የሠለጠነ መምህር የየኔታን ትምህርት «ከንቱ ጩኸት ነው» ብሎ የናቀው እንደ ሆነ፥ ሽማግሌዎቹም ሰሌዳውንና ጠመኔውን «የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው የነቀፉት እንደ ሆነ፥ በመካከል የሚጎዳው ልጁ ነው።

አስተዋይ መምህር ግን አስቀድሞ ስለ አቡጊዳ ምክንያት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ፊደሎቹን በሰሌዳ ላይ እያቀላቀለ «ላም»፥ «ቤት»፥ «ውሃ» ብሎ ይጽፋል። ትናንት በቃሉ ብቻ ያዜም የነበረው ልጅ ዛሬ አይቶት የማያውቀውን ቃል ያነባል። የኔታም ይህን አይተው ደስ ይላቸዋል፤ የእርሳቸውም ድካም ለዚሁ ነበርና።

ልጆች ሆይ፥ አዲስ ነገር ያወቀ ሰው የቀደመውን ከመንቀፉ በፊት ምክንያቱን ይመርምር፤ የቀደመውም ሰው አዲሱን በፍሬው ይፍረደው።